ቆመው የሞቱትና «ይብቃችሁ» ባዮች

አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ከሊቨርፑል ደጋፊ ኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ከማሊያው አንገትጌ ሥር «97» የሚል ትንሽ ቁጥር ሊያይ ይችላል። ቁጥሩ የተጫዋች ሳይሆን በሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የሞቱ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ አንድ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ይህንኑ ቁጥር ጀርባው ላይ አሳትሞ፣ ከላዩ «አልበቃም» የሚል ጽሑፍ አክሎበት ዌምብሌይ ገባ። ፍርድ ቤት 1,000 ፓውንድ ቀጣው፤ ለ4 ዓመትም ከስታዲየም አገደው።

ባለጌ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። የሚከብዱት ያንኑ ንቀት ከረባት አስረው የሚናገሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦሪስ ጆንሰን ዋና አዘጋጁ በነበረበት ጊዜ «ስፔክታተር» መጽሔት፣ የሊቨርፑል ሰዎች ራሳቸውን እንደ ተበዳይ ማየት ይወዳሉ ሲል በርእሰ አንቀጹ ወቀሰ፤ በአደጋው የሰከሩ ደጋፊዎችም እጅ እንዳለበት ጻፈ። የሟቾቹን ቁጥር ደግሞ «ከ50 በላይ» አለው። በወቅቱ የታወቀው 96 ነበር። «ለቅሷችሁ በዛ» የሚለው መጽሔት የተለቀሰላቸውን ሰዎች እንኳ በቅጡ አልቆጠረም።

አንዱ «አልበቃም» ይላል፤ ሌላው «ይብቃችሁ» ይላል። የሁለተኛው ወገን ስሕተት ቁጣውን የሐዘን ጭራ አድርጎ ማየቱ ነው። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ባለዘበው ነበር። ሊቨርፑልን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ግን ከሞቱ ቀጥሎ የመጣው ውሸት፣ ውሸቱንም ለማስተባበል የፈጀው ዕድሜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 1989፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሼፊልድ በሚገኘው ሂልስቦሮ ስታዲየም ተገናኙ። ሌፒንግስ ሌን በሚባለው በኩል ቆመው የሚያዩ ከ10,000 በላይ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሚገቡት በ7 ጠባብ ተሽከርካሪ በሮች ነበር። ውጭ ያለው ሕዝብ መታፈን ሲጀምር፣ ለ9 ሰዓት 8 ደቂቃ ጉዳይ ላይ፣ የፖሊስ አዛዡ ዴቪድ ዳክንፊልድ «ሲ» የተባለው ትልቁ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። ኃላፊነቱን ከተረከበ ገና 19 ቀኑ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ዋሻ መሰል መተላለፊያ ሕዝቡን የሚወስደው፣ አስቀድመው ጢም ብለው ወደ ሞሉት ሁለት መካከለኛ ክፍሎች ነው። ግራና ቀኝ ሰፊ ቦታ ነበር፤ ወደዚያ የሚመራ ፖሊስ ግን አልቆመም። ከፊት ደግሞ የብረት አጥር አለ። ዳኛው በ6ኛው ደቂቃ ጨዋታውን ሲያቋርጡ ሰዎች አጥሩ ላይ ተጣብቀው፣ ብዙዎቹ እንደቆሙ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እየሞቱ ነበር።

አደጋው ድንገተኛ ነበር እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው በኩል፣ የቶተንሃም ደጋፊዎች ተጨናንቀው 38 ሰዎች ተጎድተዋል። ሰው ስላልሞተ ትምህርቱ ተዘነጋ።

ውሸቱ የተጀመረው አስከሬን ሳይነሳ ነው። ዳክንፊልድ ለእግር ኳስ ማኅበሩ ኃላፊ ለግራሃም ኬሊ፣ በሩን ደጋፊዎች በጉልበት እንደከፈቱት ነገራቸው። እሱ ራሱ ያስከፈተውን በር! ይህ ውሸት መሆኑን በአንደበቱ ያመነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሟቾች ደም ለአልኮል ተመረመረ፤ ከሟቾቹ ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። የወንጀል ሪከርድ ይገኝባቸው እንደሆነም ስማቸው በፖሊስ ኮምፒውተር ተፈተሸ። በ4ኛው ቀን «ሰን» ጋዜጣ «እውነቱ» የሚል ርእስ በፊት ገጹ አሳትሞ፣ ደጋፊዎች የሟቾችን ኪስ በረበሩ፣ ፖሊስ ላይ ሸኑ ሲል አወራ። በሊቨርፑልና በአካባቢዋ ጋዜጣውን አንሸጥም ያሉ ሱቆች ዛሬም አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን በዝምታ የተሠራው ነው፦ የ164 ፖሊሶች የምስክርነት ቃል ተለወጠ፤ ከነዚህ በ116ቱ ውስጥ ፖሊስን የሚነቅፈው ክፍል ተሰረዘ ወይም ተለዘበ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እዚህ ግን የወጋውም አልረሳም፤ ጠረጴዛ ከብቦ ቃል ሲያርም ነበር።

«ይብቃችሁ» ባዮች አንድ ጥያቄ ይመልሱ። ቤተሰቦቹ ማቆም የነበረባቸው በየትኛው ዓመት ነው? አደጋው ከደረሰ በ4 ወር ውስጥ ዳኛው ሎርድ ቴይለር ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር ጉድለት ነው ብለው ጽፈው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1991 የአሟሟት ምርመራው «በአጋጣሚ የደረሰ ሞት» አለ፤ መርማሪው ከ9 ሰዓት ከሩብ በኋላ የሆነውን ነገር ለመስማት እንኳ ፈቃደኛ አልነበሩም። ያኔ ቢያቆሙ ኖሮ ያ ፍርድ በጸና። በ1998 ሌላ ዳኛ ጉዳዩን እንደ አዲስ የሚያስከፍት ነገር የለም አሉ። ያኔም አላቆሙም። በ2012 በጳጳስ ጄምስ ጆንስ የተመራው ነፃ ቡድን ሰነዶቹን አገላብጦ፣ የሕክምና ርዳታው በጊዜ ደርሶ ቢሆን እስከ 41 ሰዎች ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር አወጣ። ከ9 ሰዓት ከሩብ በኋላ ያለውን ጊዜ መዝለል ምን ያህል ስሕተት እንደነበር ያኔ ግልጽ ሆነ። በ2016 አዲስ የዳኞች ቡድን ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰነ። 27 ዓመት! ትግሉን ከጀመሩት ወላጆች መካከል ይህን ቀን ሳያዩ ያለፉ አሉ።

ደጋፊ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ብራሰልስ በሚገኘው ሄይዝል ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች የዩቬንቱስን ደጋፊዎች አባረው በተፈጠረው ጥፋት 39 ሰዎች ሞተዋል። ለዚህም በ1989 የቤልጅየም ፍርድ ቤት በ14 ደጋፊዎች ላይ ፈርዷል። ያው ፍርድ ቤት የአገሩን የፖሊስ መኮንንና የእግር ኳስ ማኅበሩን ባለሥልጣንም ጥፋተኛ ብሏል። ጥፋትን ለየባለቤቱ ማከፋፈል በ4 ዓመት ውስጥ የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው። በእንግሊዝ ግን ዳክንፊልድ በ2019 ነፃ ተባለ። በሞቱ ጉዳይ የተቀጣው የስታዲየሙ ባለቤት ክለብ የቀድሞ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ቅጣቱም 6,500 ፓውንድ። ለሟቾቹ ቢካፈል ለአንድ ነፍስ 70 ፓውንድ አይሞላም።

የአማርኛ ዜናም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ስታዲየም ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር «በተፈጠረ ግፊያ ተረጋግጠው ሞቱ» ይላል። «ተፈጠረ» ባለቤት የለውም፤ «ተረጋገጡ» ደግሞ የረገጡትም የተረገጡትም ራሳቸው ናቸው እንደማለት ነው። ገና ምንም ሳይረጋገጥ «ተረጋገጡ» ተብሎ ይፈረድባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 አክራ ውስጥ ከ120 በላይ ሰዎች፣ በ2022 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካንጁሩሃን ስታዲየም 135 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ቦታ ፖሊስ ተመልካች ወደ ሞላበት አቅጣጫ አስለቃሽ ጭስ ተኩሶ ነበር፤ ሕዝቡ ወደ መውጫ የተመመው ጭሱን ሽሽት ነው። ፊፋ በደንቡ አስለቃሽ ጭስ ወደ ስታዲየም እንዳይገባ ይከለክላል። ጭሱን የተኮሰው እጅ ግን «ተረጋግጠው ሞቱ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይታይም። የሂልስቦሮዎቹን ሟቾች ደግሞ የረገጣቸው የለም፤ ያፈናቸው ክፍሎቹ በመሙላታቸው ሊዘጋ ሲገባው ያልተዘጋ መተላለፊያ ነው።

በሜይ 2021 የምስክርነት ቃል ለውጣችኋል ተብለው የተከሰሱ ሁለት የቀድሞ ፖሊሶችና አንድ የሕግ ባለሙያ በነፃ ተሰናበቱ። ዳኛው የሰጡት ምክንያት አጭር ነው፦ የታረመው ቃል የቀረበው ለሎርድ ቴይለር አጣሪ ጉባኤ ነው፤ አጣሪ ጉባኤ ደግሞ ፍርድ ቤት ስላልሆነ የፍትሕን ሂደት ማዛባት አይባልም። ቤተሰቦቹ ባለሥልጣናት በምርመራ ጊዜ እውነቱን እንዲናገሩ የሚያስገድድ «የሂልስቦሮ ሕግ» ይውጣ ብለው የሚወተውቱት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ረቂቁ ፓርላማ የቀረበው በሴፕቴምበር 2025 ነበር።

ያ ክስ በተዘጋ በሁለት ወሩ፣ በዚያ የሂልስቦሮ ቅዳሜ አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቶ 32 ዓመት የታመመ ሰው ሞተ። መርማሪው እሱም እንደ ሌሎቹ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ ነው ብለው መዘገቡት። ክለቡም ማሊያው ላይ 96 ይል የነበረውን ቁጥር 97 አደረገው።