አጵሎስም መካሪ አስፈልጎታል

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ቢቆምም የብዙዎች ልብ ገና አላረፈም። እንቅልፍ ያጡና ከሰው የሸሹ ወገኖች ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። እንጸልይላቸዋለን፤ ወደ ባለሙያም መላክ ጀምረናል። ግን ያንን ወጣት ባለሙያ ማን ያግዘዋል?

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀሰም ሙያ አይደለም። በብሪታንያ ሠልጣኙ ለ3 ዓመት የዶክትሬት ትምህርት ሲከታተል ደመወዝ እየተከፈለው በአንጋፋ ባለሙያ ሥር ታካሚዎችን ያያል። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን ሲጀምር፣ መምህራን ከካናዳ እየመጡ ከሠልጣኞቹ ጋር ታካሚዎችን አይተዋል።

ወጣቱ ሳይኮሎጂስት ግን ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። የሰውን ስቃይ ቀኑን ሙሉ ሰምቶ፣ የከበደውን የሚያማክረው አንጋፋ ያጣል። እንዲህ ከቀጠለ ወይ ይሳሳታል፣ ወይ ሙያውን ይተዋል። የሚጎዳው ደግሞ እኛ የላክነው ሰው ነው።

አጵሎስ የተማረና በመንፈስ የሚቃጠል ሰው ነበር፤ ሆኖም ጵርስቅላና አቂላ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ገለጡለት (ሐዋ. 18)። እውቀቱን አልናቁም፤ ብቻውንም አልተዉትም።

ስለዚህ የምክር አገልግሎት ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናት ሆይ፣ ወጣቱን ባለሙያ “አገልግሎት ነው” ብላችሁ በነጻ አታሠሩት። ደመወዙን ክፈሉት፤ ሥራውን በየሳምንቱ አብሮት የሚገመግም አንጋፋም መድቡለት። ይህ ቅንጦት ሳይሆን መንጋውን መጠበቅ ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።