«ስምህ የለም ወንድሜ»

ባለፈው አንድ ቢሮ ሄጄ ጠፋሁ። ልጅቷ ስሜን አክሰሱ ፎርም ላይ ጻፈች፤ ፎርሙ ትንፍሽ አላለም። ከእኔ በፊት የተስተናገዱትን እናት ፋይል እንደያዘ ቀረ። «ስምህ የለም ወንድሜ።»

አባቴ ኃይሉ ነው። መዝጋቢው «ሃይሉ» ብሎታል። ለእኛ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት።

ከማክሮ ወዳጆች ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ከአክሰስ 2007 ወዲህ ዊዛርዱ ራሱ የመፈለጊያውን ማክሮ ይሠራላችኋል። ኮድ በታገደበት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ግን ሲያጣ ዝም ነው።

በኮድ ሲሆን «ፋይንድፈርስት» ትሉና «ኖማች» መሆኑን ትጠይቃላችሁ፤ ካጣ «አልተገኘም» ይላል። (የ2003ቱ ዊዛርድ የሚጽፈው ኮድ «ኖማች»ን ትቶ «ኢኦኤፍ»ን ነው የሚጠይቀው፤ እሱንም አትመኑት።) ዋናው ግን ሐን፣ ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው የምትመልስ አንዲት ፈንክሽን ናት። የተስተካከለውን ስም ሌላ ፊልድ ላይ አስቀምጣችሁ በዚያ ትፈልጋላችሁ፤ የሰውየው ስም እንደተጻፈ ይቆያል። የኮድ መጻፊያው ፊደላችንን የጥያቄ ምልክት ስለሚያደርገው በቁጥር ነው የምትነግሩት፦ ሐ 4624፣ ሀ 4608። አሰልቺ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበላል።

ማክሮም ይህችን ፈንክሽን ይጠራታል ትሉኝ ይሆናል። ያው ኮድ ጻፋችሁ ማለት ነው።

እኔ እዚያ ቢሮ የተመላለስኩት ሦስት ቀን ነው።