ተስፋ በኪራይ ቤት

ናይሮቢ ለምትኖሩ፣ በናይሮቢ አልፋችሁ ዛሬ በሌላ አገር ለተቀመጣችሁ ወገኖቼ፦

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ኢንተርቪው ጨርሰው፣ ሜዲካል አልፈው የበረራ ቀን ሲጠብቁ የነበሩ ወገኖቻችን ባሉበት ቀሩ። ብዙዎቹ ለዓመታት የጾሙበትና የጸለዩበት ጉዳይ ነበር። የጸለይንበት በር ሲዘጋ ተስፋችን ምን ይሆናል?

ከናይሮቢ ለመውጣት መመኘትን እንደ እምነት ማጣት የሚቆጥር ሰው የስደተኛን ኑሮ አያውቅም። የኬንያ አሠራር ስደተኛው በካኩማ ወይም በዳዳብ ካምፕ እንዲኖር ይጠብቃል፤ ከተማ የቀረው ፖሊስ ባየ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ሲታፈስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ ካሳራኒ ስታዲየም ታጉረዋል። እ.ኤ.አ. የ2021ዱ የስደተኞች ሕግ የሥራ መብትን በወረቀት ቢያሰፋም ፈቃዱን በእጅ ማስገባት ዛሬም ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ተስፋችንን ጠቅልለን በረራው ላይ ስንጥል ሕይወታችንም አብሮ ይቆማል። ስንቶቻችን ነን አሥር ዓመት ተቀምጠን “ልሄድ ነው” እያልን ስዋሂሊ ያልተማርነው? በየቀኑ ሽንኩርትና ስኩማ የምትሸጥልንን ማማ ምቦጋ ስሟን ያልጠየቅናት? ትዳሩን፣ ዕርቁን፣ አገልግሎቱን “እዚያ ስደርስ” ብለን ያቆየነው? ይህን “እምነት” ብለን ብንጠራውም እግዚአብሔር ናይሮቢ ውስጥ ሥራ እንደሌለው የመቁጠር ያህል ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ሮም የገባው ይግባኙን ቄሳር እንዲያይለት ነበር። በዛሬው አነጋገራችን ፕሮሰስ ላይ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ግን ፍርዱን ሳይነግረን ያልቃል። የሚነግረን፣ ወታደር እየጠበቀው፣ ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት እንደኖረ፣ የመጣውንም ሁሉ እየተቀበለ እንዳስተማረ ነው። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም፤ እንግዳ መቀበሉን ግን ለፍርዱ ቀን አላቆየውም። ክርስቲያናዊ ተስፋ ይህን ያህል ጉልበት አለው። መሠረቱ የክርስቶስ ትንሣኤ ስለሆነ ደብዳቤ ሲመጣ አይጀምርም፤ ደብዳቤ ሲቀርም አያበቃም።

ጸጋም በዚሁ ኑሮ ውስጥ ይፈተናል። የስደተኛ ታሪክ በየቢሮው ይመዘናል፤ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ሪጀክት ይደረጋል። ቀስ በቀስ ሰው ራሱን በፋይሉ መመዘን ይጀምራል። እግዚአብሔር ግን እኛን የተቀበለን መዝኖ አይደለም። ታዲያ በጉባኤያችን የምስክርነት ሰዓት የሚሰማው ቪዛ ያገኘው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሪጀክት የተደረገች እናት ምን ትሰማለች? እግዚአብሔር የረሳት ይመስላታል። በጨነቀው ጊዜ የጎረቤቱን ኪራይ የከፈለው፣ ከቤት ሠራተኛው ላይ የቀነሰውን ደመወዝ የመለሰው ሰውም ይመስክር። ጸጋ እዚያም ሥራውን ሠርቷል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ደግሞ በከተማችን የሚያልፉት ልጆች ናቸው። ከሀዲያና ከከምባታ ተነሥተው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚጓዙት ወጣቶች ብዙዎቹ በሰንበት ትምህርት ቤትና በመዘምራን መካከል ያደጉ ናቸው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብለው የሚታመኑ ሰዎች የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ ደግሞ በዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ፣ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነርሱም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ታምኗል። በዚህ መንገድ ከሚነግዱት መካከል የእኛው ቋንቋ ተናጋሪዎች አሉ። ልጆችን በጠባብ ክፍል ዘግቶ ቤተሰባቸውን ብር የሚያስልክ ደላላ አሥራት ይዞ ሲመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ገንዘቡን ልትመልስ፣ ሰውየውን ግን ወደ ንስሐ ልትጠራ ይገባታል። ዝም ካልን ስብከታችን የልጆቹ እናቶች ፊት አይቆምም።

ናይሮቢ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ጉዞ ላይ ተይዞ የታሰረውን ልጅ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ስዋሂሊ የምትችሉ ፍርድ ቤት አስተርጉሙለት። ዕቁቡንና ማኅበሩን ገና ትናንት ከሞያሌ ለደረሰችውም ክፈቱላት። የምትኖሩባትን ከተማና ሕዝቧን በስማቸው እየጠራችሁ ጸልዩላቸው፤ ዓመታት ያስጠጉን እነርሱ ናቸው።

በሚኒሶታ፣ በሜልቦርን፣ በቶሮንቶ ያላችሁ፣ ከኢስሊ ስትወጡ “ሄጄ አልረሳችሁም” ያላችኋቸው ሰዎች አሉ። ደውሉላቸው። የአንድ ቤተሰብ ኪራይ፣ የአንድ ሕፃን የትምህርት ቤት ክፍያ ለብዙዎቻችሁ ከአቅም በላይ አይደለም። የወንድማችሁ ልጅ በደላላ ለመሄድ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ደግሞ መንገዱ ምን እንደሚመስል በግልጽ ንገሩት፤ በዚያው ብር አገሩ ላይ የሚጀምረውን ሥራ አብራችሁ አስቡለት።

የቅበላው በር እንዲከፈት እንጸልይ፤ ለሚመለከታቸውም እናመልክት። እስከዚያው ግን ሞትን ያሸነፈው ጌታ ኢስሊም ውስጥ ጌታ ነውና፣ የተከራየነውን ቤት ዛሬውኑ እንክፈትለት።