«ምን በልተው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2015፣ ከኮለምበስ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በላንካስተር ከተማ፣ ፌርፊልድ ሜዲካል ሴንተር የተባለው ሆስፒታል አንድ በሽተኛ በቦቱሊዝም ሳይታመም እንዳልቀረ ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቀ። ቦቱሊዝም ጡንቻን አሽመድምዶ ትንፋሽ የሚነሣ መመረዝ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመሳሳይ ምልክት ያለባቸው ሌሎች አራት ሰዎች ወደ ድንገተኛ ክፍሉ መጡ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ሕይወቱ አለፈ። ሁሉም ባለፈው እሑድ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከየቤታቸው ይዘው የመጡትን ምሳ አብረው በልተው ነበር። ምግቡን ከቀመሱት 77 ሰዎች 29ኙ ታመሙ። ከፌዴራሉ መንግሥት መጠባበቂያ ክምችት 50 መጠን ማርከሻ ተላከ። ምንጩም የድንች ሰላጣ ሆኖ ተገኘ፤ ድንቹ ቤት ውስጥ ሲታሸግ በግፊት ማብሰያ መሞቅ ሲገባው በፈላ ውኃ ብቻ ተሞቆ ነበር።

ስለዚህ ምርመራ ሲነሣ የሚመሰገነው ማርከሻው የደረሰበት ፍጥነት ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማርከሻው ሊላክ የቻለው ሐኪሙ ስለጠረጠረና የኦሃዮ ደንብም አንድ የቦቱሊዝም ጥርጣሬ እንኳ ወዲያውኑ እንዲነገር ስለሚያስገድድ ነው። ምንጩ የታወቀው ደግሞ ምእመናኑ ከየትኛው ምግብ እንደበሉና ከየትኛው እንዳልበሉ ስለተናገሩ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምግቡን ያመጣው ሰው ከመካከላቸው አንዱ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ይህን መሰሉን ምርመራ እጅግ የሚያከብድ ሰፈር ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለው እዚህ ነው፤ ሃይ ስትሪት ግራና ቀኙን ምግብ ቤት ነው፤ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ስታዲየሙ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች ያስተናግዳል። በአንዱ ወጥ ቤት በኢ ኮላይ ኦ157 የተበከለ ሰላጣ ቢቀርብ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የበላው ተማሪ ክሊቭላንድ ወይም ሲንሲናቲ፣ ወላጆቹ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ኦሃዮ ከ100 በላይ የአካባቢ ጤና መምሪያዎች አሏት፤ እያንዳንዱ መምሪያ የሚያየው አንድ ተቅማጥ ነው። አንድ ተቅማጥ ደግሞ ወረርሽኝ አይመስልም።

የተበታተኑትን ሰዎች መልሶ የሚያገናኘው እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ፐልስኔት የተባለው የላቦራቶሪዎች መረብ ነው። ከበሽተኛው ሰገራ የተገኘው ባክቴሪያ ዘረመሉ ተነብቦ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሃዮን ጨምሮ በስድስት ግዛቶች 109 ሰዎች በአንድ ዓይነት ኢ ኮላይ መታመማቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ 52ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ 13ቱ ኩላሊትን በሚጎዳ ከባድ ሕመም ተይዘዋል። ዘረመሉ ግን የት እንደበሉ አይናገርም። ከታመሙት ብዙዎቹ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ኮለምበስ አጠገብ፣ ደብሊን በሆነው በዌንዲስ ምግብ ቤቶች መብላታቸውን የተናገሩት ራሳቸው ሲጠየቁ ነው። ኩባንያው በአካባቢው ካሉት ምግብ ቤቶቹ የሮሜይን ሰላጣን ከሳንድዊች ላይ አነሣ። ምርመራው የተዘጋው ግን የምግቡ ማንነት በእርግጠኝነት ሳይረጋገጥ ነው።

በጁላይ 2018 በፖዌል ከተማ በአንድ የቺፖትሌ ምግብ ቤት የበሉ 647 ያህል ሰዎች ሲታመሙም የተወሰነ ጥፋተኛ ምግብ አልተለየም፤ መልሱ የተገኘው ከደንበኞቹ ሰገራ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ነበር፤ ምግብ በተገቢው ሙቀት ካልተያዘ የሚራባ ባክቴሪያ። ይህና ሌሎች ወረርሽኞች ተደምረው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 25 ሚሊዮን ዶላር የወንጀል ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። በአገሪቱ በምግብ ደኅንነት ጉዳይ እስከዚያ ጊዜ ከተጣለው ሁሉ ትልቁ ነበር። ታመምን ብለው የተናገሩና ናሙና የሰጡ ሰዎች ባይኖሩ ዐቃቤ ሕግ በእጁ ምን ይይዝ ነበር?

አሁን እየሳሳ ያለው ይህ የመጠየቅና የመቁጠር ሥራ ነው። የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ (ሲዲሲ) ፉድኔት በተባለው የክትትል መረቡ የግድ እንዲከታተላቸው ያዘዛቸውን ስምንት ተሕዋስያን ከጁላይ 2025 ጀምሮ ወደ ሁለት ዝቅ አድርጓል። የቀሩት ሳልሞኔላና ሺጋ መርዝ አመንጪ ኢ ኮላይ ናቸው፤ ካምፒሎባክተርና ሊስቴሪያ በፈቃደኝነት ወደሚሠራው ወርደዋል። ኦሃዮ የዚህ መረብ አባል አይደለችም፤ ሊስቴሪያም በሌላ መንገድ መመዝገቡ አልቀረም። ሆኖም በሽታ ጨመረ ወይም ቀነሰ ለማለት መላ አገሪቱ የምትመለከተው ሚዛን ይኸው መረብ ነበር።

ለኮለምበስ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። የላንካስተሩ ምሳ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ማኅበር፣ ክርስትና፣ ሰርግ፣ ተዝካር ሁሉም እንደዚያው ነው። ክትፎ ከቀረበበት ድግስ በኋላ አሥር ሰው ቢታመም፣ መርማሪው ደውሎ «ምን በልተው ነበር?» ሲል መልሱ የደጋሿን ስም ማንሣት ይሆናል። ይሉኝታ አፍ ይይዛል። ጥያቄው ባልጠራ እንግሊዝኛ የሚመለስ ከሆነና ጠያቂው የመንግሥት ሰው ከሆነ ደግሞ ዝምታው ይጠናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ የትርጉም አገልግሎት መብትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። መሥሪያ ቤቶች ይህን እንዴት እንደሚፈጽሙ ይመራ የነበረው የ2000ው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ግን በማርች 2025 ተሽሯል። ሕጉ አለ፤ የሚያስታውሰው ጠፋ።

መቁጠር ሲጎድል የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያውቀዋል። ልጇን ኬቨንን በሁለት ዓመት ተኩሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በኢ ኮላይ ኦ157 ያጣችው ባርባራ ኮዋልቺክ፣ በኋላ በኦሃዮ ስቴት ተመራማሪ ሆና በኢትዮጵያ በጥሬ ሥጋና በወተት የሚተላለፉ ሳልሞኔላን፣ ኢ ኮላይንና ካምፒሎባክተርን የሚያጠና ፕሮጀክት መርታለች። የጎንደር፣ የሐረማያና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ተሳትፈውበታል። የፕሮጀክቱ ስም «ታርታር» ነው፤ ክትፎ ቢባል የበለጠ ያምርበት ነበር።

በኢትዮጵያ ከፋሲካ ማግሥት ሆዱን ታሞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የሚሰማውን መልስ ሁሉም ያውቀዋል፦ «አሜባ ነው»። ትኩሳት ካለው ዊዳል ይሠራለትና «ታይፎይድ» ይባላል። ማይክሮስኮፕ ሳልሞኔላን ከኢ ኮላይ አይለይም፤ ዊዳልም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ካልቸር የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ነው። በሽተኛው መድኃኒት ይዞ ይሄዳል፤ ከየት በላህ የሚለው የለም። አባቶች ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን ጣጣ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለዚሁ ነው። የኮሶ ትል ግን ራሱን ያሳያል፣ ባክቴሪያ አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በምግብ ወለድ በሽታ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420 ሺህ ይሞታል፤ ከሕዝብ ብዛት አንጻር ትልቁ ሸክም ያለው አፍሪካ ላይ ነው።

ስለዚህ ለኦሃዮ ምክር ቤት አባላት ረዳቶች የሚቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። ግዛቱ በጀቱን የሚያጸድቀው ለሁለት ዓመት ነው። በቀጣዩ ረቂቅ ለአካባቢ ጤና መምሪያዎች የሚመደበው ገንዘብ በሽተኛ ደውለው የሚጠይቁ ባለሙያዎችንና አስተርጓሚዎችን ደመወዝ በስም ለይቶ ይያዝ፤ በጥቅል ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ጥሪው ሲጀመርም የሚሰጠው ቃል ለሕክምናና ለምርመራ ብቻ እንደሚውል፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ እንደማይጠየቅ፣ በሰሚው ቋንቋ ይነገር። በዋሽንግተን ለሚገኙት የኦሃዮ ተወካዮች ደግሞ የፉድኔት ስድስቱ ተሕዋስያን እንዲመለሱ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ።

የማኅበረሰብ ድርጅቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፦ ከድግስ በኋላ ብዙ ሰው ሲታመም ለጤና መምሪያው መደወል ደጋሿን መክሰስ እንዳልሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ከአንቲባዮቲኩ በፊት የሰገራ ናሙና እንዲወሰድ መጠየቅ እንደሚገባ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ መንገር።