የማያሳይ ሄልሜት

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሁሩታ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሄልሜቱ ግን መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። "ምነው አንተ?" አልኩት። "ቲቸር፣ እሱን አድርጌ ማታ ምንም አይታየኝም" አለኝ። ልቆጣው ነበር። ሄልሜቱን ተቀብዬ ወደ ፀሐይ ሳየው ግን መስታወቱ ከጭረቱ ብዛት ጉም መስሏል። ልጁ እውነቱን ነው።

እኔም ደርሶብኛል። አምና ስንዴ በሚታጨድበት ሰሞን ከኢተያ ስመለስ መሸብኝ። ከፊቴ የመጣ አይሱዙ መብራቱን ሲለቅብኝ መስታወቴ በሙሉ ነጭ ሆነ። ዳር ይዞ የሚሄደውን የአህያ ጋሪ ያየሁት አጠገቡ ከደረስኩ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጥቂት ተረፍን።

ነገሩ ክፍል ውስጥ የተማርነው ነው። ብርሃን ለስላሳውን ገጽ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ጭረት ሲያገኝ ግን ይበተናል። ቀን ብዙም የማያስቸግር ጭረት ማታ የሚያሳውረን ለዚህ ነው።

ጭረቱን ደግሞ በአብዛኛው የምናመጣው እኛው ነን። "መስታወት" እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት። ሲመታ ቶሎ አይሰበርም፣ ሲፈተግ ግን ቶሎ ይጫራል። የኮምባይነሩን አቧራ በደረቁ በጃኬት እጅጌ ስንጠርግ፣ ከፕላስቲኩ የሚጠነክረውን ደቃቅ አሸዋ እያሸንበት ነው። በቤንዚን የምታጸዱም አላችሁ፤ ተዉ! ፕላስቲኩን ያደክመዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በእጃችሁ እጠቡት። ጭረቱን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር ካልያዘ፣ ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና ጥቂት በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አድርጋችሁ ሳትጫኑ እያዞራችሁ እሹት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት። ግን መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ፤ የጥርስ ሳሙናም ራሱ ይፍቃልና ከላይ የተቀባውን ጭረት መከላከያ ሊልጠው ይችላል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ አትድከሙ፣ አይለቅም።

የልጁን እቤት ወስደን እንዲሁ አደረግን። ስስ ስሱ ቀለል አለ፤ ዓይኑ ፊት ያለው ትልቁ ጭረት ግን እዚያው ነው። "አዲስ መስታወት ግዛ። እስክትገዛ በቀን ብቻ ንዳ፤ ሄልሜቱን ግን እንዳታወልቅ" አልኩት።

የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ሄልሜት ያላደረገውን ሁሉ "ግዴለሽ" ከማለታችን በፊት ሄልሜቱ ያሳያል ወይ ብለን እንጠይቅ። ባለሞተሮችም የፍሬን ሸራ ሲያልቅ እንደምትቀይሩት ሁሉ መስታወቱንም ቀይሩ። ፍሬን የሚይዘው መጀመሪያ ያየ ሰው ነው።

ዛሬ ማታ ሄልሜታችሁን ወደ አምፖል አድርጋችሁ እዩት። ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።