ከወረፋው በፊት ያለው ወረፋ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወረፋ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ እኛ የምናነሳው ሳህን ተይዞ የሚቆምበትን ወረፋ አይደለም። እናቶቻችንና እህቶቻችን የማህጸን ሕክምና ለማግኘት የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለሚጠብቁት ወረፋ ነው። «ይሄ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ መምህርን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እንደሚያገባው ግን ከራሳችን ጥፋት ተምረናል።

ባለቤቱ ፈቅዶልን የሆነውን እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ከኢታንግ በኩል የመጡ አክስቱን ይዞ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደ። አክስቱ ከኑዌርኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ ስለማይችሉ አስተርጓሚው እሱ ነበር። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደገና ደም ይፈሳቸው ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ነገር አንዲት እናት ለእህቷ ልጅ፣ ያውም ለጎረምሳ፣ እንዴት አድርጋ ትናገር? ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በዘወርዋራ ነገሩት። ነገሩ ገብቶታል፤ ግን አፈረ። ለሐኪሙ «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብሎ ተረጎመ። የሆድ መድኃኒት ታዘዘላቸውና አገራቸው ገቡ።

ከሦስት ወር በኋላ ብሶባቸው ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ከሴት ሰልጣኞች አንዷ አብራ ገብታ እውነቱን ተናገረች። ከዚያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው ቀጥሎ ናሙና፣ ከናሙናው ቀጥሎ «ወደ አዲስ አበባ» የሚል የሪፈር ወረቀት መጣ። ዛሬ ቤተሰቡ የመንገድ ገንዘብና አብሮ የሚሄድ ሰው በመፈለግ ላይ ነው። የኋላው ጥበቃ የሌሎች ይሁን፤ እነዚያ ሦስት ወራት ግን የእኛ ናቸው። ከሆስፒታሉ ወረፋ በፊት የእፍረት ወረፋ ነበረ፤ በሩ ላይ የቆምነውም እኛው ነን።

ለመሆኑ ሦስት ወር ምን ያህል ነው? በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል የማህጸን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ ይይዛል። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊበቃው ይችላል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ 6 እጥፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከክልሎች ሁሉ የኤች አይ ቪ ስርጭት ከፍ ብሎ የተገኘው በጋምቤላ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በሽታው ገና በጅምሩ ከተገኘ ጤና ጣቢያ ውስጥ የማህጸን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት ይለያል፤ ሳይብስም ይታከማል። ከበሰለ በኋላ ግን የጨረር ሕክምና ይፈልጋል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ሌሎች ከተሞች መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም ከባሮ ዳር ተነስታ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ የምትደርስ እናት፣ ማረፊያ ሳይኖራት ተራዋን እንዴት ትጠብቅ?

የሕክምና ባለሙያዎቻችንን ለመውቀስ አልተነሳንም። ባለሙያው ጥቂት ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ክልላችን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ተቀብሏል፤ የሚጠየቀው አገልግሎትም በዚያው ልክ በዝቷል። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራም አለ። ደም የሚፈሳት ሴት ከሌላው ቀጠሮ ቀድማ ብትታይ፣ በማህጸን ሕክምና ቀን አኝዋክኛና ኑዌርኛ የምትችል ሴት አስተርጓሚ ብትመደብ ምን ይጎድላል? ሚስጥሯን በልጇ አፍ እንድትናገር የተገደደች እናት ግማሹን ትውጠዋለች።

በሩ ክፍት ሲሆን እንኳ እፍረት እንደሚያስቀር ፌስቱላ ያስተምረናል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሕክምናው በነጻ ነው። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ጎረቤታችን መቱ ይገኛል። ታዲያ በምጥ ተጎድታ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት፣ ነጻ ሕክምና እያለላት፣ ለዓመታት ጎጆ ውስጥ የምትደበቀው ለምንድነው? የሚነግራት በማጣቷ አይደለምን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የደበቀችው ግን እሷ ብቻ አይደለችም፤ እኛም አብረን ደብቀናል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ሲደርስ መምህራችን «ቤታችሁ አንብቡት» ብለው ያለፉን ስንቶቻችን ነን? ትምህርቱ ሲሰጥስ ከኋላ ወንበር ሆነን የሳቅነው ስንቶች ነን? ነገ በአኮቦ፣ በዲማ፣ በጆር ስንመደብ እኛም ያንን ገጽ እንዘለዋለን? ያ የተዘለለ ገጽ ነው ሐኪም ፊት «ሆዳቸውን ያማቸዋል» የሚያሰኘው።

ደግሞም ከሁሉ አጭሩ ወረፋ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ እንዲሰጥ ዘመቻ ተደርጓል። «መካን ያደርጋል» የሚለው የሐሰት ወሬ ሲናፈስ ወላጅ ዞሮ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። ያን ቀን መልስ ከሌለን፣ ልጅቷ ከዛፍ ሥር አምስት ደቂቃ መሰለፍ ሲገባት፣ ከ30 ዓመት በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ወራት ትጠብቃለች። ትምህርት ያቋረጡትን ልጃገረዶች ስምና ቤት የሚያውቀውም የቀበሌው መምህር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በማሰልጠኛችን የሴትም የወንድም ሰልጣኞች የሚካፈሉበት የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት በባለሙያ ይሰጠን። ሁለተኛ፣ ቋንቋ የሚችሉ ፈቃደኛ ሴት ሰልጣኞች በትርፍ ጊዜያቸው ሆስፒታል እንዲያስተረጉሙ አስተዳደሩ ይነጋገርልን። ሦስተኛ፣ ለእረፍት አገራችን ስንገባ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እናቶቻችንን፣ አክስቶቻችንን «ቅድመ ምርመራ አድርጋችኋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ማፈራችን አይቀርም። አክስቲቱም አፍረው ነበር፤ ግን የሚችሉትን ያህል ነግረውናል። ሳናዛባ ማድረስ የእኛ ፋንታ ነበር።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!