ከጥጥ ማኅበር እስከ ኦስትያ፦ አምበልና አሠልጣኝ ሉቺያኖ ቫሳሎ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 በማሸነፍ የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት ሲሆን፣ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበሉት የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደነበሩ ይታወቃል። ቡድኑ በዚያ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ የሆነ ሲሆን፣ መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ውጤቱን 2 ለ 2 ያደረገችውን ግብ ያስቆጠሩትም እኒሁ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ናቸው። በጭማሪው ሰዓት ወንድማቸው ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አራተኛውን ግብ አክለዋል።

ሉቺያኖ እ.ኤ.አ በ1935 ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት በአስመራ ተወለዱ። እግር ኳስን የጀመሩት በዚያችው ከተማ ክለቦች ቢሆንም፣ ስማቸው ከድሬዳዋ ጋር የተሳሰረው የጥጥ ማኅበር ወይም በተለምዶ አጠራሩ የ«ኮተን» ክለብን መለያ በመልበሳቸው ነው።

ድሬዳዋ በባቡር ሐዲድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ በ1902 ከደረሰ ወዲህ ነጋዴውም ሠራተኛውም ከየአቅጣጫው ተሰባስቦባታል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲጨመርበት ደግሞ ከተማዋ ደመወዝተኛ ወጣት የሚገኝባት ሆነች። በዘመኑ ተጫዋቹ ኑሮውን የሚመራው ከኳሱ ይልቅ በሥራው ስለነበር፣ ክለብ ያለው ፋብሪካ ጥሩ ተጫዋችን ከሩቅ ለመሳብ የተሻለ ዕድል ነበረው። በመሆኑም የጥጥ ማኅበሩ ክለብ እ.ኤ.አ በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል። የአፍሪካው ዋንጫ ወደ አገር በገባበት በዚያው ዓመት የአገር ውስጡ ዋንጫ ወደ ድሬዳዋ መሄዱ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሉቺያኖ እ.ኤ.አ በ1968 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በአስመራ ባስተናገደችው ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫም ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት በመሸጋገር ብሔራዊ ቡድኑን እስከ መምራት ደርሰዋል። ይሁንና የአሠልጣኝነት ዘመናቸው በአገር ውስጥ ሊረዝም አልቻለም። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1978፣ አገር ጥለው ለመሰደድ ተገደዱ። በጣሊያን ከሮም አጠገብ በምትገኘው ኦስትያ ኑሯቸውን በመካኒክነት እየደጎሙ ታዳጊዎችን እግር ኳስ አስተማሩ። የሕይወት ታሪካቸውንም በጣሊያንኛ አሳትመዋል። መስከረም 2015 ዓ.ም በ87 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ለአፍሪካ ሻምፒዮን አምበል ኦስትያ ላይ ሕፃናትን ማሠልጠን የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። የሚያስቆጨው ያ ዕውቀት ለድሬዳዋ ልጆች አለመድረሱ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ በ1976 አሥረኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ከአዲስ አበባ ጋር በጋራ ስታስተናግድ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንንና ዛየርን ያቀፈው ምድብ የተጫወተው በድሬዳዋ ስታዲየም ነበር። ሜዳውም ተመልካቹም እንደነበሩ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የጥጥ ማኅበሩ ክለብ ግን ከ1965 በኋላ ሌላ የሻምፒዮንነት ዋንጫ ለማንሳት እስከ 1983 መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

ጉዳዩን ከአሠልጣኞች አያያዝ አንፃር መመልከትም ተገቢ ነው። የ1954ቱን ድል የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በሰውነት ቢሻው፣ ካሜሩን ላስተናገደችው 33ኛው ውድድር የበቃችውም በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ነው። ሦስቱም የአገር ልጆች ናቸው። በመካከሉ የውጭ አገር አሠልጣኞች የተቀጠሩባቸው ጊዜያት እንደነበሩ አይዘነጋም። የውጭ ዜጋ መቅጠር በራሱ ስሕተት ባይሆንም፣ ለአገር ውስጥ ባለሙያ የሚሰጠው ጊዜ ግን አጭር መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። አሠልጣኝ በሁለትና በሦስት ሽንፈት በሚሰናበትበት ክለብ ውስጥ ታዳጊ የሚያሳድግበት ፋታ አያገኝም።

በፋብሪካው ዘመን የክለቡ ወጪ ከምርት ገቢ ይሸፈን ነበር። የከተማ ክለቦች ወጪ ግን በአብዛኛው ከአስተዳደር በጀት የሚመጣ በመሆኑ፣ ውሳኔው በስፖርት ቢሮና በምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ለተጫዋች ፊርማና ደመወዝ የሚፈቀደው ገንዘብ ለወጣት ቡድንና ለአሠልጣኞች ሥልጠና ከሚመደበው ጋር ጎን ለጎን ቀርቦ ሲመረመር ብዙም አይታይም። በድሬዳዋ ይህ ንጽጽር የሚደረግ ከሆነ መነሻ የሚሆነው መዝገብ በቅርብ ነው፤ በጥጥ ማኅበር ተጫውተው ያለፉ አንጋፋዎች ዛሬም በከተማዋ ይገኛሉ፤ ቃላቸውን የሚቀበልና በጽሑፍ የሚያኖር ክፍል መመደብም ከአንድ ተጫዋች የፊርማ ክፍያ ያነሰ ወጪ ነው።